የአዋሽ ጣቢያ በአሶሳ ጠረጴዛ ላይ

አሶሳ ባቡር የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ስለዚህ ከተማሪዎቼ ጋር የአንድ ባቡር ጣቢያ አምሳያ ለመሥራት መነሣታችን በተሰማ ጊዜ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ «የሌለንን ከምትሠሩ ለምን የራሳችንን ገበያ አትሠሩም?» አለኝ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም መልስ ይገባዋል። ገበያውን ልጆቹ በየሳምንቱ ያዩታል፤ ሳይለኩትም ያውቁታል። ባቡርን ግን አብዛኞቹ በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አላዩም። ያላዩትን ነገር በልክ ለመሥራት የግድ መጠየቅ፣ ማንበብና ማስላት ያስፈልጋል። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ይህ ዓይነቱ የትርፍ ጊዜ ሥራ በአየርላንድ ሰዎች ዘንድ የተወደደ ነው። በአገራቸው ሦስት የእንግሊዝ ጫማ፣ ማለት 914 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጠባብ ሐዲድ የሚሄዱ በርካታ ትንንሽ ባቡሮች ነበሩ። ከነዚህ አንዱ፣ የምዕራብ ክሌር ባቡር፣ በመዘግየት የታወቀ ነበር። ፐርሲ ፍሬንች የተባለው የዘፈን ደራሲ ለዝግጅቱ ቢያዘገየው ኩባንያውን ከሶ ረታ፤ አልበቃ ብሎትም የሚያላግጥበት ዘፈን አወጣ። መስመሩ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1961 ተዘጋ፤ ዘፈኑ ግን እስከ ዛሬ ይዘፈናል። ሐዲዱ ከተነቀለ በኋላ ወዳጆቹ ጣቢያዎቹን በእንጨትና በካርቶን እየሠሩ በየቤታቸው አኖሩ። ያጡትን ነገር በጠረጴዛ ላይ መልሰው አገኙት ማለት ይቻላል።

እኛም የራሳችን ጠባብ ሐዲድ አለን። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ ልክ 1 ሜትር ነው፤ ከአየርላንዱ የሚበልጠው በ86 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። እንግዲህ ስንት ዘመን የአገሪቱ ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ጨርቁና ማሽኑ ሲገባ የኖረው በዚያች አንድ ሜትር ላይ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ባቡሩ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መመላለሱን አቆመ። በመስከረም 2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በአሮጌው ላይ አይሄድም፤ የራሱ ሰፊ ሐዲድ አለው።

ከጣቢያዎቹ የትኛውን እንሥራ? በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ሕንፃ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ለጀማሪ አልመክረውም፤ በመስኮቱ ብዛት ብቻ ተስፋ ያስቆርጣል። እኛ አዋሽን መረጥን። በቀደመው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ከጣቢያው አጠገብ ያለው የቡፌ ዳዋሽ ሆቴል ስሙ የገነነው በዚሁ ምክንያት ነው። ዓመቱንም ወሰንን፤ 1923 ዓ.ም.፣ ጥቅምት፣ የዘውዱ በዓል እንግዶች በዚህ መስመር ሽቅብ የወጡበት ወር። ዓመት ሳይወስኑ አምሳያ መጀመር ቀን ሳይጽፉ ደብዳቤ እንደ መላክ ነው፤ ይህን የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ቀጥሎ ያለው ልኬት ነው። አንድ ለሃምሳ አልን፤ ይኸውም የእውነቱ 50 ሳንቲ ሜትር በጠረጴዛው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሐዲዱ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያገኛል፤ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 3 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቲማቲም ቆርቆሮ 3 ሜትር ተኩል የሚሰፋ የውሃ ማጠራቀሚያ ይወጣዋል። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ካልጠጣ አይሄድምና ያለ እሱ ጣቢያው ጣቢያ አይሆንም።

አንድ ቀን ከተማሪዎቼ አንዱ አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ከካርቶን አሳምሮ ሠርቶ መጣና «ከአሮጌው አጠገብ እናቁመው፤ ያምራል» አለ። እኔ አልከራከርሁትም፤ ማስመሪያ ሰጠሁት። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሃምሳ ሲካፈል 28 ሚሊ ሜትር ከ7 ይመጣል። የኛ ሐዲድ 20 ነው። ባቡሩን በሐዲዱ ላይ ቢያደርገው ጎማዎቹ ከውጭ ወጥተው በጠጠሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ልጁ ጥቂት አሰበና «ለካ አንዱ ባቡር በሌላው ላይ መሄድ አይችልም!» አለ። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ ብጽፈው እንደዚህ አይገባውም ነበር።

የሕንፃው ልክ ከየት ይመጣል የሚሉ ይኖራሉ። አዋሽ ሄዶ በሜትር መለካት ከሁሉ ይበልጣል፤ ከአሶሳ ግን ሩቅ ነው። ስለዚህ በድሮ ፎቶግራፎች እንረዳለን። በፎቶግራፉ ውስጥ ሐዲዱ ካለ መለኪያው በእጅዎ ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር መሆኑ አስቀድሞ ታውቋል። ሐዲዱን ከሚለኩት ነገር ጋር በእኩል ርቀት ላይ ባለበት ቦታ ይውሰዱ፤ ያለዚያ ቅርቡ ይገዝፋል፤ ሩቁ ያንሳል፤ ስሌቱም ይፋለሳል። ሐዲድ ከሌለ በበሩ አጠገብ የቆመ ሰው ይበቃል።

ከቦታ ጥበት የሚመጣ ፈተናም አለ። 200 ሜትር የሚያህል ግቢ በአንድ ለሃምሳ 4 ሜትር ይፈጃል፤ የእኛ ጠረጴዛ ከ2 ሜትር አይበልጥም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁሉንም ነገር ማጨማደድ ይቀናዋል፤ በሩ ይጠባል፤ ፉርጎው ያጥራል፤ በመጨረሻ የድንክ አገር ይሆናል። እኔ የማምንበት የአየርላንዶቹ ዘዴ ነው፦ የቀረበውን ሁሉ በሙሉ ልኩ መሥራት፣ የማይገባውን ቆርጦ መተው። አራት ፉርጎ ካልበቃ ሁለት ይቁም፤ ነገር ግን ሁለቱ እውነተኛ ይሁኑ።

ለሥራው የሚሆን ዕቃ አሶሳ አይቸግርም። የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመል የምንለው፣ ከደጋው የሚለየው ውስጡ ድፍን በመሆኑ ነው፤ ተሰንጥቆ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ እንደ ጥሩ ሳንቃ ይታዘዛል። በበጋ የተቆረጠውን ይምረጡ፤ የክረምቱን ነቀዝ ይወድደዋል። ለሰዎቹና ለጓዛቸው የማሽላ አገዳ ልብ ይበቃል። ለመጋዘን ጣሪያ ከሲጋራ ፓኮ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት በማበጠሪያ ጥርስ ላይ ማሸት ነው፤ የቆርቆሮ ክዳን መስሎ ይወጣል። ከሐዲዱ ሥር ተጋድመው የሚነጠፉትን ከሽመል ቆርጠን የዛገ ብረት ቀለም ቀባናቸው፤ በዚያ መስመር ላይ የተነጠፉት የብረት ነበሩና። ምስጥ ባለበት አገር ለሚኖር ሰው የዚህን ብልኅነት ማስረዳት አያሻም።

በዛፎቹ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። ልጆቹ ማንጎ ተከሉ! የአሶሳ ልጅ ጥላ ሲባል ማንጎ ይታየዋል። አዋሽ ግን ደረቅና ሞቃት የግራር አገር ነው፤ ማንጎው ተነቅሎ እሾሃማ ቅርንጫፍ ገባ።

ሥራው ሲጋመስ የአንዱ ተማሪ አያት ሊያዩ መጡ። በወጣትነታቸው በኩርሙክ በኩል እየተሻገሩ ይነግዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ለአሶሳ ቀረብ ያለው የባቡር መስመር የሱዳኑ ነው፤ ከሰናር ተነሥቶ በ1946 ዓ.ም. ደማዚን ደርሶ ነበር፤ የእሱ ሐዲድ ደግሞ 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። ሽማግሌው ጠረጴዛውን ዞረው ዞረው አዩና «ጣሪያው ላይ የተቀመጠ ሰው የት አለ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ሣቁ። እኔ ግን «አባባ፣ ይቀመጡና ይንገሩን» አልኋቸው፤ ያን ቀን ትምህርት የሰጡት እርሳቸው ናቸው። ተማሪዎቼ ደብተር አውጥተው ጻፉ። በጣሪያው ላይ ሰው አላስቀመጥንም፤ ደማዚን ለብቻው ሌላ ጠረጴዛ ይገባዋል።

በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ ያላችሁ የመሥሪያ ቤት ወጣቶችና ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ ታድላችኋል። ጣቢያው በደጃችሁ ነው። አንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ደብተር ይዛችሁ፣ ከባለ ሥልጣኑ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ የበሩን ቁመት፣ የመሳፈሪያውን ርዝመት፣ የመስኮቱን ቁጥር መዝግቡ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ጎረቤት ካሏችሁም ፎቶግራፋቸውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ በጀርባው ቀን ካልተጻፈበት እነሱው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። ግድግዳ ይጠገናል፤ ወይም ይፈርሳል፤ የዚያን ጊዜ መለካት አይቻልም።

የኛ ጣቢያ አሁን የቀረው የመሳፈሪያው ጠርዝና ስድሳ ሳንቲ ሜትር ሐዲድ ነው። የጠረጴዛውን አራት እግሮች የተቃጠለ ዘይት በተሞሉ ቆርቆሮዎች ውስጥ አቁመናቸዋል፤ ከተማሪዎቹ አንዱ በየሰኞው ዘይቱን ይመለከታል፤ ምስጡ እስካሁን አልተሻገረም።