ልጃችሁ ይጥቆር፤ ግን አይስጠም

አውሮፓ ያላችሁ ወላጆች፣ የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍት በደረሰ ቁጥር በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዶክተር፣ ጣሊያን ባህር ዳርቻ ልንሄድ ነው። ልጄ እንዳይጠቁር ምን ክሬም ልቀባው?»

መጥቆር በሽታ አይደለም! የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቀቡት፤ ጥቁር ቆዳም በፀሐይ ይቃጠላል። ግን የምትቀቡት እንዳይቃጠል እንጂ እንዳይጠቁር አይሁን። የሚያናድደኝ ስለ ውሃው የሚጠይቀኝ ሰው አለመኖሩ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከአራቱ አንዱ ገደማ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው።

ስለ ውሃው ሳነሳ የምሰማቸው መልሶች እነዚህ ናቸው።

«ሜዲትራኒያን የተረጋጋ ነው፤ ጥልቀትም የለውም።» ሪሚኒ ላይ ብዙ ርቀት ገብታችሁም ውሃው ከወገብ ላያልፍ ይችላል። ኒስ ላይ ግን ጥቂት እንደተራመዳችሁ እግራችሁ መሬት ያጣል። ትንሽ ልጅ ደግሞ ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም።

«የሚነፋ ጎማ አድርጓል።» ጎማ መጫወቻ ነው። ይገለበጣል፣ አየሩ ይወጣል፤ ከየብስ ወደ ባህር የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ ከነልጁ ይዞት ይሄዳል።

«ነፍስ አድን ሠራተኛ አለ።» አለ፤ ግን የሥራ ሰዓት አለው፣ የሚጠብቀውም የእናንተን ልጅ ብቻ አይደለም። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ ክርክር የለም፤ ውሃ ውስጥ አይገባም።

«ችግር ከገጠመው ይጮኻል፤ እሰማዋለሁ።» ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። የሚሰጥም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። ለመተንፈስ እየታገለ በምን ድምፁ ይጮኻል? እናንተ ስልካችሁ ላይ አንድ ቪዲዮ አይታችሁ ቀና እስክትሉ ነገሩ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ ካለ፣ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ሁኑ። ብዙ ቤተሰብ ሆናችሁ ስትሄዱ «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም እያየ አይደለም ማለት ነው። ተራ ግቡ፤ ተረኛው ስልኩን ለሌላ ሰው ይስጥ። ዋና የማትችሉ ከሆነ ዘላችሁ አትግቡ። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ፣ ነፍስ አድን ጥሩ።

ከውሃ የወጣ ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቃችሁ ውሃ ለማስወጣት አትድከሙ፤ ጊዜ ይበላል። አንዱ 112 ይደውል፤ በመላው የአውሮፓ ኅብረት ይሠራል። ሌላው መጀመሪያ 5 ጊዜ ትንፋሽ ይስጥ፤ ከዚያ ደረቱን 30 ጊዜ እየተጫነ 2 ትንፋሽ፣ ባለሙያ እስኪደርስ ሳያቋርጥ ይቀጥል።

ጠቁሮ የተመለሰ ልጅ ከሳምንታት በኋላ መልኩ ይመለሳል። ዘንድሮ ክሬሙን ከመምረጣችሁ በፊት ውሃው ዳር ማን ተረኛ እንደሚሆን ወስኑ።

አብረዋችሁ ለሚሄዱት ሁሉ አጋሩት። መልካም ዕረፍት!