የሚያጉረመርም ሞተርና ያረጀ የቤት ሽቦ

በዚህ ወር የቤት ሙያ አምዳችን ውሃ ወደ ታንከር የሚገፋ የፓምፕ ሞተር እያጉረመረመ አልዞር ሲል ምን ማድረግ እንደሚገባ እንመለከታለን።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወቀሰው ሞተሩ ነው። ጥፋቱ ግን የሽቦው ሊሆን ይችላል። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ከረንት እየዞረ ከሚስበው አምስትና ስድስት እጥፍ ይደርሳል። ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦና በላላ መጋጠሚያ ይህ ሁሉ ሲያልፍ ቮልቴጁ ይወርዳል። ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲቀንስ የሞተሩ የማስነሻ ጉልበት በ19 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሞተሩ ሲነሳ የቤቱ መብራት በጣም ከደበዘዘ ምልክቱ ይኸው ነው።

መዞር ያቃተው ሞተር ያን ከፍተኛ ከረንት ሳያቋርጥ ስለሚስብ ራሱንም ሽቦውንም ያግላል። ስለዚህ ወዲያው አጥፉና ስፒናውን ንቀሉ። ከዚያም፦

1. ስፒናው እንደተነቀለ የሞተሩን ዘንግ በእጅ አዙሩ። ካልዞረ ዝገት ወይም ቆሻሻ ይዞታል።

2. ዘንጉ ከዞረ፣ ሞተሩ ሲነሳ ቮልቴጁን ባለሙያ ይለካ። ቆጣሪው ዘንድ 220 ሆኖ ሶኬቱ ላይ ከወረደ ችግሩ የቤት ውስጥ መስመር ነው። ቆጣሪው ዘንድም ከወረደ ችግሩ ከውጭ ነው።

3. ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ካፓሲተሩ ይመርመር። መብራት ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ በባዶ እጅ አይነካ።

መስመሩ ደካማ ከሆነ መፍትሔው ለሞተሩ ብቻ የሚሆን ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ማዘርጋት ነው።

አንዳንዶች ቫልቮላው በተቃጠለ ቁጥር በመዳብ ሽቦ ይጠግኑታል። ቫልቮላ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው፤ በመዳብ ከታሰረ ግን ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይነዳል። የመሬት መስመር በሌለበት ደግሞ የሞተሩ አካል ኤሌክትሪክ ቢይዝ፣ አጠገቡ ባለው ቧንቧ ውዱእ የሚያደርግ ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ መብራትን እንድናጠፋ ያዘዙት፣ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ እንዳታቃጥል ነው። ለአንዲት ክር ይህን ያህል ጥንቃቄ ከታዘዝን፣ በየግድግዳችን ስላለው ሽቦ ቸል ልንል አይገባም። ቤተሰብ አማና ነውና።

አላህ ቤታችንን ከአደጋ ይጠብቅልን። አሚን።