የሞተር ምርጫው ሲያልቅ ሒሳቡ እኛ ጋ ይመጣል

ካምፓላ ውስጥ ስለ ስፖርት መኪና ሲወራ ስለ ፌራሪ አይደለም የሚወራው፤ ስለ ሱባሩ ነው። ካባላጋላ ላይ ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሳን የኢምፕሬዛ ድምፅ ነው፤ ልጆቻችንም ገና መንጃ ፈቃድ ሳያወጡ የሚመኙት እሱን ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ የሞተር ምርጫ መቀነሳቸው የሀብታሞች ጉዳይ ብቻ ለሚመስላችሁ፣ እኛ እንደዚያ አናየውም። መኪናው ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሒሳቡ የሚመጣው እኛ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ኢምፕሬዛ በ1992 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወጣ። የዚያን ጊዜው መኪና ከ1.5 ሊትር አንስቶ እስከ ባለ 2 ሊትር ተርቦ ድረስ ያስመርጥ ነበር። ቅርፁ አንድ፣ ሞተሩ እንደ ኪስ! ቶዮታ አልቴዛም ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ ይገኝ ነበር። ዛሬስ? አዲሱ ደብሊው አር ኤክስ አንድ ሞተር ብቻ አለው፤ 2.4 ሊትር ተርቦ። የቶዮታ ጂአር 86ም እንደዚሁ አንድ ብቻ። ከ1989 ጀምሮ የተሠራው ኢጄ20 ሞተር ጃፓን ውስጥ በ2019 ሲሰናበት 555 መኪና ብቻ ተዘጋጅቶ በዕጣ ተሸጠ። በ2022 ደግሞ ሱባሩ በአዲሱ ደብሊው አር ኤክስ ላይ በነዳጅ የሚሠራ ኤስቲአይ እንደማይኖር አስታወቀ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ሞተር የጭስ ፈተናውን ለብቻው ማለፍ አለበት፤ ይህም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ አንዱን ትንሽ ሞተር በተርቦና በኮምፒውተር ማጎልበት ይረክሳል። መርሴዲስ እንኳ ሲ63ን ከስምንት ሲሊንደር ወደ አራት ሲሊንደርና ኤሌክትሪክ ሞተር አውርዶታል። አየሩ ንጹሕ ቢሆን እኛም አንጠላም፤ የካምፓላን ጭስ የምንተነፍሰው እኛው ነን።

ችግሩ ጥገናው ላይ ነው። ባለፈው ዓመት የዘመዳችን ልጅ ባለ ተርቦ ሱባሩ ገዛ። ገንዘቡ እናቱ ከእቁብ ያወጣችው ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ተርቦው ሄደ፤ ሞተሩንም ይዞት ሄደ። መካኒኩ ኪሴካ ገበያ ገብቶ ተርቦ የሌለው ያገለገለ ኢጄ20 ፈልጎ፣ ሽቦውንና ኮምፒውተሩን ጭምር አስተካክሎ ገጠመለት። ልጁ አኮረፈ፤ መኪናው ግን ይሄዳል፤ እናትየውም ቀሪውን እቁብ እየከፈለች ነው። ይህ የሆነው ለዚያው መኪና ርካሽ ወንድም የሆነ ሞተር ስለነበረ ነው። ወንድም የሌለው ሞተር ሲበላሽስ? ነዳጅ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ፓምፕ፣ ኢንጀክተር፣ ተርቦ፤ ሁሉም ውድ፣ ሁሉም የዘይት ጥራት የሚመርጥ።

አሮጌዎቹ ቅዱሳን ነበሩ እያልን አይደለም። የ2.5 ሊትሩ ሱባሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ስንቱን ቤተሰብ እንዳስለቀሰ መለዋወጫ የሚነግዱት እኅቶቻችን ያውቃሉ። ቢሆንም ምን እንደሚሰበርና ስንት እንደሚያስወጣ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

መኪናውን ኋላ አገር ቤት እንወስደዋለን የምትሉም አላችሁ። እዚያ ምርጫው ቀድሞ አልቋል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሞተሩ በተለቀ ቁጥር ይጨምር፣ በአሮጌ መኪና ላይም እስከ 500 በመቶ ይደርስ ነበር። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። እዚህ ኡጋንዳም ከ2018 ጀምሮ 15 ዓመት የሞላው መኪና አይገባም። ምርቱ በ2005 ያበቃው አልቴዛ ከዚህ በኋላ የሚገኘው አገር ውስጥ ካለው ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ ኢጄ20ዎችም ቢበዛ እስከ 2034 ገደማ ነው መግባት የሚችሉት።

እንግዲህ ለልጅ መኪና የምትገዙ፣ ተርቦ የሌለውን ባለ 2 ሊትር ምረጡ፤ ኩርፊያው ያልፋል። የቆየ ሞተር ዕቃ የምታስመጡ ደግሞ አሁን ገበያው አለ፤ ግን ከጠቅላላ ካፒታላችሁ ግማሹን እዚያ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ። ከእኛ መካከል አንዷ ለአዲሱ 2.4 ሞተር ኢንጀክተር ዋጋ ልትጠይቅ ኪሴካ ሄዳ ነበር። ሻጩ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ወንበር ሰጣት።