ለማየት ይከፈላል እንዴ?

መካኒሳ አቦ አካባቢ መብራት ድርግም ሲል ፀጉር ቤቱም ፎቶ ኮፒ ቤቱም በረንዳው ላይ ያስቀመጣትን ትንሽ ጀነሬተር ያስነሳል። እኔን ግን ሰሞኑን የሚያሳስቡኝ ከሚጮኹት ይልቅ ሸራ ለብሰው ጥግ የያዙት ናቸው። ባለቤቶቻቸው «ላሠራት ወይስ ልሽጣት?» እያሉ ወር አልፎ ወር ይተካል። ሁለቱም ጥያቄዎች ያለጊዜያቸው የተነሱ ይመስሉኛል። መጀመሪያ ምኗን እንዳመማት ይታወቅ፤ ለማወቁም ይከፈል።

ይከፈል ስል ፊቱ የሚጠቁር አይጠፋም። ጎረቤቴ ፀጉር ቤት ያላቸው እትዬ ጀነሬተራቸውን በጋሪ አስጭነው ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ያለ አንድ ኮንቴይነር ጋራዥ ሲወስዱ አብሬ ሄጄ ነበር። ልጁ የመመርመሪያ ዋጋ ሲጠራ፣

«ለማየት ይከፈላል እንዴ ልጄ? ዓይንህ ያልቃል?» አሉት።

«ዓይኔስ አያልቅም እትዬ፣ ቀኔ ነው የሚያልቀው» አለ እየሳቀ።

ከፈሉ፤ እያጉረመረሙም ቢሆን። ልጁ የቤንዚኑን መስመር ዘጋና የካርቡሬተሩን የታችኛውን ብሎን ፈታ። በተቆረጠ የውኃ ኮዳ ውስጥ የተንጠባጠበው ነገር ቤንዚን ነው ለማለት ይከብዳል። ቢጫ ነው፣ ጣት ላይ ይለጠፋል፣ የቀለም ቤት ይሸታል። ቤንዚን ለወራት ቆሞ ሲቆይ የሚተነው ይተንና የቀረው እንዲህ እንደ ሙጫ ይሆናል። ከዚያ ነዳጅ የሚረጨውን ባለቀዳዳ ትንሽ ብሎን አውጥቶ ወደ ፀሐይ አነሳው፤ ብርሃን አያሳልፍም። በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠርጎ፣ በንፋስ ነፍቶ መለሰው። ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ሲስበው ሞተሩ ተነሳ። እትዬ ሊሸጧት ዋጋ ያስቆረጧት ዕቃ ማለት ይህች ናት።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ካንዴላውን ሲፈታው ጥላሸት ለብሷል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስበው ነገር አለ። የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። አምራቾች የሚሰጡት ግምት በየ300 ሜትሩ 3.5 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሰሌዳዋ ላይ 2.5 ኪሎ ዋት የተጻፈባት ጀነሬተር መካኒሳ ስትደርስ ሩብ ያህል ጉልበቷን ጥላ ነው። እትዬ ሰሌዳውን አምነው ሁለት ካስክና አንድ ፎን በአንድ ጊዜ ይሰኩባታል። ቆማ ባትበላሽ ኖሮ ተጭና ትቃጠል ነበር።

ምኗን እንዳመማት ሳያውቁ ለመሸጥ መቸኮል ሚኒያፖሊስ ባለው የአጎቴ ልጅም ላይ ደርሷል። ከደጁ በረዶ የሚጠርግባት፣ ከኋላ እየተገፋች የምትሄድ ባለቤንዚን ማሽን አለችው። ሞተሯ ይሠራል፣ በረዶውን የሚቦጫጭቀው ጠምዛዛ ብረት ግን አንዱ ወገን አይዞርም። «ማርሹ አልቋል፣ ለመለዋወጫ ልሽጣት ነው» ብሎ ቪዲዮ ላከልኝ። ቪዲዮውን ለዚያው ለጋራዡ ልጅ አሳየሁት። ልጁ በረዶ የሚያውቀው በክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኳ ብቻ ነው፤ ግን ትንሽ አይቶ «የመሐሉ ዘንግ ይዞራል፣ ውጪው ቆሟል። የሚያያይዛቸው ብሎን ተቆርጦ ይሆናል» አለ። እንዳለውም ሆነ። እንዲህ ያለ ብሎን ሆን ተብሎ ደካማ ሆኖ ይሠራል፤ ጠንካራ በረዶ ወይም ድንጋይ ሲገጥም እሱ ይቆረጥና ማርሹን ያድናል። ዋጋው የጥቂት ዶላር ነው፤ ማሽኗ ብዙ መቶ ዶላር ታወጣለች። በነገራችን ላይ እዚያ አገር ጥገና ቤት ለመመርመር ብቻ ማስከፈል የተለመደ ነው፤ እሱም ሊሸጣት የቸኮለው ይህን ክፍያ ሽሽት ነበር። ስስታችን ዜግነት የለውም።

በእኛ ዘንድ ስሕተቱ ይበልጥ ይጎዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል። ጀነሬተሯም መለዋወጫዋም ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ዛሬ በርካሽ የሸጠ ሰው ነገ በዚያ ገንዘብ ግማሿንም አይገዛም። «የህዳሴው ግድብ ተመርቋል፣ ጀነሬተር ምን ይሠራልኛል» የሚሉም አሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የሠፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል ግን ኃይሉ እስከ ፀጉር ቤቱ ሶኬት አይደርስም።

መሸጥ የግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የሞተሩ ኮሎ ተጣሞ ወይም መብራት የሚያመነጨው የሽቦ ጥቅል ተቃጥሎ የማሠሪያው ዋጋ ከዕቃዋ ከበለጠ ለቆራሌው ወይም ለምናለሽ ተራ ትሂድ። ያኔም በጥቅሉ መዳብ ተስፋ የምታደርጉ ተጠንቀቁ፤ የርካሾቹ ጥቅል አልሙኒየም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የማይዋጥልኝ የሽያጭ ማስታወቂያው ነው። «ትንሽ ነገር ብቻ ናት የጎደለቻት» ይላል። ትንሽ ከሆነች ለምን አላስጨመርካትም? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ገዢ ጉድለቱን እያወቀ ከገዛ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ «ሞተሩ ይነሳል፣ መብራት አይሰጥም፣ ጥቅሉ ተቃጥሏል» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ ዋጋው ዝቅ ቢልም ከሳምንት በኋላ በሩ አይንኳኳም።

ጋራዦቹም ድርሻ አላቸው። መመርመሪያው በነፃ ሲሆን መካኒኩ የቀኑን ዋጋ ከየት ያምጣ? ደህናውን ካርቡሬተር «ሞቷል» ብሎ ቀይሮ ያካክሳል። ስለዚህ የመመርመሪያ ዋጋቸውን በር ላይ ይለጥፉ። ያሠራ ሰው ከጥገናው ሒሳብ ላይ ይቀነስለት፤ ያላሠራ የተገኘው ችግር ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት ይሰጠው። ዕቃዋን ሲሸጥ ለገዢ የሚያሳየው እሱን ነው።