ብሩን ልከናል፤ ደለሉን ማን ያውጣው?

ባለፈው ኅዳር አጎቴ ደወሉልኝ። የሰፈራችን የውኃ አባት ናቸው። የመስኖው ቦይ ጠረጋ ሊጀመር ስለሆነ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ከእኛ ቤት ማን እንደሚመጣ ሊጠይቁኝ ነው። «ጋሼ፣ ሥራ በዝቶብኛል፤ የሠራተኛውን ብር ልላክ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ላክ ልጄ፣ ብሩን አንጠላም» አሉኝ። «ግን የጎረቤቶቻችንም ልጆች ልከዋል። አሁን ብር አለን፤ አካፋ የሚይዝ ነው ያጣነው። ቦዩ ላይ የቆምነው አምስት ሽማግሌዎች ነን።»

ይህ ነገር ሲከነክነኝ ከርሞ ነው ስለ ጃቲሉዊህ ማንበብ የጀመርኩት። ጃቲሉዊህ በኢንዶኔዥያ፣ በባሊ ደሴት፣ ታባናን በሚባለው አውራጃ ያለች የገበሬ መንደር ናት። 2,276 ሜትር ከፍታ ካለው ከባቱካሩ ተራራ ሥር፣ በደቡብ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ ትገኛለች። የሩዝ እርከኖቿ እንደ ደረጃ ከላይ እስከ ታች ይወርዳሉ። አገር ጎብኚው በር ላይ ቲኬት ቆርጦ ይገባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። እኔን የያዘኝ እርከኑ ሳይሆን ውኃውን የሚያካፍሉበት ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ ሱባክ ይባላል። ሱባክ ቦዩ አይደለም፤ ከአንድ ቦይ የሚጠጡ ገበሬዎች ማኅበር ነው። በባሊ ወደ 1,200 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ፤ አመጣጣቸውም እስከ 9ኛው መቶ ዘመን ይቆጠራል። አባላቱ የሚመርጡት አለቃ ፔካሴህ ይባላል። እኛ ብንሆን የውኃ አባት እንለዋለን፤ ሥራው ያው ነው፦ ተራ ማስጠበቅ፣ ጠብ ማብረድ፣ ቦይ ማስጠረግ። መተዳደሪያቸው አዊግ-አዊግ ይባላል፤ ውኃ የሰረቀ ምን እንደሚቀጣ፣ ከጠረጋ የቀረ ምን እንደሚከፍል ይደነግጋል።

መለኪያቸውን እዩልኝ። ግንድ ነው። ቦዩ ላይ አግድም ያጋድሙትና ላዩን እየጠረቡ መውረጃ ያበጁለታል፤ የአንዱ መውረጃ ስፋት የአንዱ ማሳ ድርሻ ነው። ቆጣሪ የለ፣ ቁልፍ የለ። ወንዙ ሲሞላ ሁሉም ይሞላለታል፤ ሲጎድል ሁሉም እኩል ይጎድልበታል። ሌሊት መጥቶ የራሱን መውረጃ በመጥረቢያ የሚያሰፋ ሰው ካለ፣ ሲነጋ ትኩሱ ጥርብ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገርበታል። ድርሻው ቴክቴክ ይባላል። ብዙ ቴክቴክ ያለው ብዙ ያዋጣል።

እስኪ አንድ ጥያቄ፦ ከላይ ያለው ገበሬ ውኃው መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሲደርስ ለታችኛው ለምን ይለቅለታል? ደግ ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ። በደግነት ብቻ የቆመ ቦይ ይህን ሁሉ ዘመን አይዘልቅም። የላይኛው የሚፈራው ተባይን ነው። ሩዝ ታጭዶ ማሳው ሲያርፍ ተባዩ የሚበላውም የሚያድርበትም ያጣል። ይህ የሚሆነው ግን ጎረቤትም አብሮ ካሳረፈ ነው፤ አንዱ ማሳ ባዶ ሆኖ የጎኑ ከለመለመ ተባዩ አጥር ተሻግሮ ከርሞ ይመለሳል። ስለዚህ የታችኛው ገበሬ በእጁ መደራደሪያ አለው፦ ውኃ ከነፈግኸኝ ከአንተ እኩል መዝራት አልችልም፤ እኩል ካልዘራሁ የእኔ ተባይ የአንተ ነው። እንዲህ እየተያያዙ የዘር ወቅታቸውን ማኅበራቱ በጋራ በሚሰበሰቡባቸው የውኃ ቤተ መቅደሶች ይወስናሉ። አንትሮፖሎጂስቱ ስቲቨን ላንሲንግና የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ጄምስ ክሬመር በ1980ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ይህንኑ በኮምፒውተር ሞዴል አስልተው፣ ገበሬው በየግሉ ከሚዘራበትም ሁሉም በአንድ ቀን ከሚዘራበትም ይልቅ የቤተ መቅደሶቹ አሠራር የተሻለ ምርት እንደሚሰጥ አሳይተዋል።

ሥርዓቱ አንድ ጊዜ ሊፈርስ ነበር። በ1970ዎቹ የአረንጓዴው አብዮት ሲመጣ የመንግሥት ባለሙያዎች ገበሬውን «ተራ መጠበቁን ተዉት፤ ቶሎ የሚደርሰውን ምርጥ ዘር ደጋግማችሁ ዝሩ» አሉት። ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒትም አብሮ መጣ። ለጥቂት ዓመታት ምርቱ ጨመረ። ከዚያ ማሳው ማረፊያ ሲያጣ ዌሬንግ የሚሉት ቡናማ ተባይ ፈላ፤ መድኃኒት ሲረጩበት የተባዩን ጠላቶች ገደለና እሱን አበዛው። ውኃውም ተራው ጠፋ። በመጨረሻ መንግሥት ራሱ በ1986 ለሩዝ ይረጩ የነበሩ 57 ዓይነት የተባይ መድኃኒቶችን አገደ፤ ገበሬዎቹም ወደ አባቶቻቸው ቀጠሮ ተመለሱ። ሊቃውንቱ ክፉ አልነበሩም፤ የማያውቁት ነገር ባዶ ቦታ መስሏቸው ነው።

አሁን የሚያሰጋቸው ግን ተባይ አይደለም። የሱባክ አባል በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፔንጋያህ ይባላል፤ በጉልበቱ የሚያገለግል። ሌላው ፔንጋምፔል ነው፤ ሥራ ላይ አይወጣም፣ በምትኩ ይከፍላል። ሕጉ ይፈቅድለታል፣ ማንም አይወቅሰውም። ያረጀ አለ፣ የታመመ አለ፣ ሌላ ሥራ ያለው አለ። ማኅበሩ የቆመውም ሁለቱም ስላሉ ነው። ታዲያ ሁሉም ፔንጋምፔል የሆነ ቀንስ?

ያ ቀን እየቀረበ ነው። የመንደሩ ወጣት በደሴቲቱ ዋና ከተማ በዴንፓሳር ሆቴል ይቀጠራል፣ የመዝናኛ መርከብ ላይ ተሳፍሮ ይሠራል፤ ከሩዝ ማሳ የማያገኘውን ደመወዝ ለአባቱ ይልካል። በመላው ኢንዶኔዥያ በ2003 ወደ 31 ሚሊዮን የነበረው የገበሬ ቤተሰብ በ2013 ቆጠራ ወደ 26 ሚሊዮን ወርዶ ተገኘ። ባሊ ውስጥ በየዓመቱ ማሳ እየተሸጠ ቪላ ይሆናል። በ2012 ዩኔስኮ የባሊን ሱባክ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የጃቲሉዊህ እርከኖችም አብረው ተመዘገቡ። መዝገቡ አካፋ አይይዝም። እነዚያን ልጆች ግን አልፈርድባቸውም። ልፍረድ ብል እንኳ በየትኛው አፌ?

ጥሪዬ እንግዲህ ለባሊ ልጆች አይደለም፤ እነሱ የራሳቸው ሽማግሌ አላቸው። ጥሪዬ እንደ እኔ ከአንድ ቦይ ጠጥቶ ላደገ ሁሉ ነው። አዲስ አበባ ላለኸው፣ ዱባይና ቤይሩት ላላችሁት እህቶቼ፣ ዋሽንግተን ለምትነዳው ወንድሜ። እኛም አገር እርከን አለ፤ የኮንሶ እርከኖች ከባሊ አንድ ዓመት ቀድመው፣ በ2011፣ እዚያው መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ኮንሶዎች ትውልድ ሲተካ ድንጋይ ያቆማሉ። እኛስ ተራችን መድረሱን በምን አሳየን? በባንክ ደረሰኝ?

ሥራህን ትተህ ግባ አልልም፤ እኔም አልገባሁም። የምለው ይህን ነው፦ በዓመት ሁለት ቀን ጉልበታችንን እንክፈል፤ ብር ሳይሆን ጉልበት። ባሕር ማዶ ያለ መምጣት ካልቻለ አንድ ሌላ ሥራ አለለት፦ ስልክ ያንሳና የውኃ አባቱን ይጠይቅ። የትኛው ማሳ መጀመሪያ ይጠጣል? ለምን? ወንዙ በጎደለ ዓመት ተራው እንዴት ይቀየራል? ጠለፋውን ጎርፍ ሲወስደው ድንጋዩ ከየት ይመጣል? ይቅዳው፣ ይጻፈው። አጎቴ የሚያውቁት ሁሉ ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው።

አባቶችም ድርሻ አላችሁ። ከተማ ያደገው ልጅ አካፋውን በተቃራኒ ሲይዝ አትሳቁበት። ሴት ልጃችሁ ልውጣ ስትል «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ብላችሁ አትመልሷት። አምስት ሆናችሁ ቀርታችሁ መምረጥ አያምርባችሁም።

ዘንድሮ ቀድሜ ደወልኩላቸው። ገና ጥቅምት ነው። «ጋሼ፣ ጠረጋው መቼ ነው? ልመጣ ነው» አልኳቸው። እንደ አምናው ዝም አሉ።

«አካፋ ከዚህ ልግዛ እንዴ?»

«አካፋማ ሞልቷል» አሉኝ። «አራቱ የአባትህ ናቸው፣ ግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ይልቅ ጓንት ያዝ፤ እጅህ ይላጣል።»