ሁሉም ከጮኸ ማን ይሰማል?

በግቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆም ብሎ የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። የስብሰባው ጥሪ፣ የመጽሐፍ ሽያጩ፣ የጠፋው መታወቂያ፣ የክርክሩ ውድድር፣ ሁሉም ከራስጌ እስከ ግርጌ በወፍራም ጥቁር ፊደል ተጽፏል። እያንዳንዱ ወረቀት «እኔን አንብቡ!» ብሎ ይጮኻል፤ በዚህም ምክንያት አንዱም በደንብ አይነበብም። ይህን የምናነሣው ስለ ውበት ብቻ ለመከራከር አይደለም። ማስታወቂያ የማኅበራችን አንደበት ነው፤ አንደበቱ ካልተሰማ ስብሰባው ጎዶሎ ይሆናል፤ ውሳኔውም የጥቂቶች ሆኖ ይቀራል።

ወፍራም ፊደል በራሱ ጥፋት የለበትም። የተወለደበትን ምክንያት መመርመር ግን ይገባል። ጫፉ ላይ ጌጥ የሌለው፣ ፈረንጆች «ሳን ሴሪፍ» የሚሉት የላቲን ማተሚያ ፊደል በለንደን በአራተኛው ዊልያም ካስሎን የናሙና መጽሐፍ የታየው በ1816 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዚያው ምዕተ ዓመት ነጋዴው ዕቃውን፣ ቲያትር ቤቱ ትርኢቱን ለመንገደኛ ማሳወቅ ስለ ፈለገ፣ ከሩቅ የሚታይ ፊደል ተፈላጊ ሆነ።

የዚህ ዘር ታዋቂ ልጅ ኢምፓክት የተባለው ፊደል ነው። የነደፈው እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሊ ሲሆን፣ በ1965 በብረት ቀርጾ ያወጣው የሼፊልዱ ስቲቨንሰን ብሌክ ነው። ትንንሾቹ ፊደሎች ቁመታቸው ከትልልቆቹ ብዙ አያንስም፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጡት ጭረቶች አጫጭር ናቸው፤ በፊደሉ ሆድ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቦታም እንደ በር ስንጥቅ የጠበበ ነው። በጥቂት ቦታ ብዙ ቀለም እንዲያርፍ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ከ1996 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ለኢንተርኔት ገጾች በነፃ ካደላቸው ፊደሎች አንዱ ስለ ሆነ በየኮምፒዩተሩ ገባ። በኋላም በሥዕል ላይ ለሚጻፉ ቀልዶች ነጭ ሆኖ፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር ለብሶ ዓለምን ዞረ። እዚያ የተሳካለት ቃላቱ ጥቂት፣ ቁመቱም ትልቅ ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ ፊደል ከሩቅ ለመታየት ሲል ከቅርብ መነበብን ሠውቷል። ዐይን ቃልን የሚለየው በጥቁሩ ብቻ ሳይሆን በነጩም ነው። ነጩን ያጠበበ ፊደል ለአርእስት ጌታ፣ ለረጅም ጽሑፍ ግን ጠላት ነው።

የእኛ ፊደል ደግሞ የባሰ ችግር ይገጥመዋል። ኢምፓክት የአማርኛ ፊደል የለውም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ያገኘነውን ቀጭን ፊደል መርጠን «ቦልድ» የሚለውን እንጫናለን። ወፍራም ሆኖ የተነደፈ ወንድም ከሌለው ኮምፒዩተሩ ያንኑ ቀጭን ፊደል በጭፍን ያደልበዋል። በግዕዝ ፊደል ግን ትንሽ ጭረት ትልቅ ሥልጣን አላት። «ሰማ» እና «ሸማ» የሚለያዩት በአናት ላይ ባለች መስመር ነው። «ዝግጁ ነን» የማኅበር ቃል ነው፤ «ዝግጁ ነኝ» የአንድ ሰው ቃል ነው፤ ልዩነታቸው አሁንም አንዲት መስመር ናት። የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ከተደፈነ «ቢ» ይመስላል። ወረቀቱ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ደግሞ ጥፋቱ ይጨምራል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ማስታወቂያ ካልደመቀ ማን ያየዋል?» ይሉናል። ጥያቄው እውነት አለው። ነገር ግን ድምቀት የሚኖረው አጠገቡ ያልደመቀ ሲኖር ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ቀይ ቀለም እያላቸው መጽሐፉን ሁሉ በቀይ አልጻፉም፤ ቀዩን ለመክፈቻው መስመርና ለከበሩት ስሞች ጠብቀው የቀረውን በጥቁር ጻፉት። ቀዩ የከበረው በማነሱ ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል።

ስለዚህ ማስታወቂያ ለምንጽፍ ሁሉ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ወፍራሙን ፊደል ለአርእስቱ ብቻ እንስጥ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው በቀጭን ፊደል ሰፊ ነጭ ቦታ ተትቶላቸው ይቀመጡ። ሁለተኛ፣ ለአማርኛ አርእስት እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ፣ ውፍረቱ በነዳፊ እጅ የተሠራ ፊደል እንምረጥ። ሦስተኛ፣ ከማባዛታችን በፊት አንዱን ቅጂ ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነገሩን ለማያውቅ ጓደኛ እናስነብበው፤ እሱ ከተደናቀፈ ጥፋቱ የዐይኑ ሳይሆን የወረቀቱ ነው።

መምህራኖቻችንም የፈተና መመሪያን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በወፍራም ፊደል ባያስጽፉ ደስ ይለናል። ሁሉም መስመር «ዋና ነው» ከተባለ፣ የተጨነቀ ተማሪ ዋናውን ከየት ያገኘዋል?

ፊደል የሐሳብ ልብስ ነው እንጂ ሐሳብ አይደለም። ደካማ ምክንያት በወፍራም ፊደል ቢጻፍ አይጠነክርም፤ ጠንካራ ምክንያት ግን በቀጭን ፊደልም ቢሆን አንባቢውን ያገኛል። የምንናገረው ካለን በልክ እንናገር፤ ያን ጊዜ አንዲቱ ወፍራም መስመር ስትጠራን ሁላችንም ዘወር ብለን እናያለን።