ጌሾና ብቅል መነሻቸውና ዕድሜያቸው ተጽፎ ይሸጡ

ጠላ በኢትዮጵያ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ ሲጠመቅ የኖረ መጠጥ መሆኑ የታወቀ ነው። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በማኅበርና በዓመት በዓል ባለቤት ለእንግዳው የሚያቀርበው እርሱን ነው፤ በየከተማውም ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ ጠላ ሲነሣ የጠማቂዋ ሙያ ይነገራል እንጂ ጌሾውንና ብቅሉን የሚያቀርብላት ነጋዴ ስላለበት ኀላፊነት የሚነገረው ጥቂት ነው። ጠላው ቢጣፍጥ ምስጋናው፣ ቢበላሽም ወቀሳው ለእርስዋ ነው። ነገሩ በሚገባ ሲመረመር ግን አንዳንዱ ብልሽት ጋኑ ገና ሳይታጠን በባለሱቁ መደርደሪያ ላይ የተጀመረ ሆኖ ይገኛል።

በቀድሞው ጊዜ ጌሾ በጓሮ ይተከል ነበር። የቤቱ እመቤት ቅጠሉን ራስዋ ለቅማ፣ ራስዋ በፀሐይ አድርቃ፣ ራስዋ ስለምትወቅጠው ከየትኛው ዛፍና በየትኛው ወር እንደ ተለቀመ ታውቃለች። ብቅሉንም ከገዛ ጎተራዋ ገብስ አውጥታ የምታበቅለው እርስዋ ነበረች። በገጠር ይህ ልማድ ዛሬም አልቀረም። የከተማ ጠማቂ ግን ጓሮም ጎተራም የላትም፤ ጌሾው ከገበሬው ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ ከዚያም ወደ ባለሱቁ ሦስትና አራት እጅ አልፎ ይደርሳታል። በየእጁ ሲያልፍ ዋጋው እየጨመረ ሲሄድ ስለ ዕቃው የሚታወቀው ነገር እየቀነሰ ይመጣል። በመጨረሻ ለጠማቂዋ የሚደርሳት «ጌሾ ነው» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ጠባይ ማወቅ ስላለበት የአሠራሩን መንገድ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። ጠላ አጠማመቁ ከአገር አገር፣ ከቤት ቤትም ቢለያይ መሠረቱ አንድ ነው። አስቀድሞ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ቀጥሎ የደረቀው የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ በውሃ ይበጠበጥና በጋኑ ውስጥ ተከድኖ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ይህም ጥንስስ ይባላል። ከዚያ በኋላ ተጋግሮ የተቆራረሰ ቂጣና የተፈጨ ብቅል ይጨመርበታል። ጥንስሱ መፍላት ሲጀምርም ከተቆላ እህል ዱቄት ተለውሶ በምጣድ የበሰለው እንኩሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ይገባበትና ይደፈደፋል። ድፍድፉ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ውሃ ይሞላበታል፤ የጋኑም አፍ በደንብ ይከደናል። እንደ አየሩ ሙቀትና ብርድ ጥቂት ቀን ወይም ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሲጠራ ይቀዳል።

በዚህ ሥራ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ተግባር አለው። ጌሾ መራራነቱን ይሰጣል፤ መጠጡን ከሚያበላሹት ጥቃቅን ሕዋሳትም አንዳንዶቹን ይገታል። ብቅል በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እንኩሮው አስቀድሞ በእሳት መብሰሉም ይህን የብቅሉን ሥራ ያቀልለታል፤ ለጠላውም ቀለምና ጣዕም ይሰጠዋል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው። የጠላ ጠማቂ ግን እርሾ በፓኬት አትገዛም፤ እርሾው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ይመጣል። እንግዲህ ጌሾና ብቅል የሚሸጥ ሰው ሕይወት ያለው ነገር እንደሚሸጥ ሊያውቅ ይገባዋል። ዓመት ሙሉ በእርጥብ ወለል ላይ የተጣለ ጌሾ መልኩ ጌሾ ቢመስልም ሥራው እንደ ጌሾ አይሆንም።

ብቅልም እንዲሁ ነው። ገብሱ አንድ ቀን ያህል በውሃ ይነከራል፤ ከተጠነፈፈ በኋላ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ሦስት ቀን ያህል እንዲበቅል ይተዋል፤ በመጨረሻም በፀሐይ ይደርቃል። ገበያ ለመቅደም ሲባል በደንብ ሳይደርቅ በከረጢት የታሰረ ብቅል ይሻግታል። የሻገተ እህል ለጤና ጎጂ የሆነ መርዝ ሊያፈራ ስለሚችል ነገሩ ከጣዕም አልፎ የሰው ደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

የዚህ ንግድ ልዩ ችግር የዕቃው ጉድለት በገዢዋ ፊት ወዲያው አለመታየቱ ነው። ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ዘርግቶ ያያል፤ ብርጭቆ የሚገዛም አንኳኩቶ ይሰማል። ጌሾ የገዛች ጠማቂ ግን የምትፈርደው ጠላው ሲቀዳ፣ ማለት ከአንድ ሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ሁሉ የጌሾም እውነቱ የሚጠራው እያደር ነው። እስከዚያ ድረስ ግን እህሉ ተፈጭቷል፣ ማገዶው ተቃጥሏል፣ ድካሙም አልቋል። ለድግስ የጠመቀች እመቤት ታፍራለች፤ ለሽያጭ የጠመቀችው ደግሞ የሚቀጥለውን እህል የምትገዛበት ገንዘብ ይጠፋባታል። የነጋዴው ጥፋት ግማሽ ኪሎ ጌሾ ቢሆን የእርስዋ ኪሣራ ሙሉ ጋን ነው።

በሌሎች አገሮች በቤት ቢራ ለሚጠምቁ ሰዎች የሚደረገው ንግድ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በብሪታንያ ለቤት ጠመቃ ይጠየቅ የነበረው ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1963 ቀረ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ ቢራ ያለ ቀረጥ እንዲጠምቅ ፈቀደ፤ ልኩም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አዋቂዎች ባሉበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን፣ ማለት 757 ሊትር ያህል ሲሆን ለሽያጭ ግን አልተፈቀደም። ከዚህ በኋላ ብቅል፣ ሆፕስና እርሾ በትንንሽ ፓኬት የሚሸጡ ሱቆች በብዛት ተከፈቱ። ሆፕስ ለቢራ መራራነት የሚሰጥ አበባ ነው፤ ጌሾ ለጠላ የሚያደርገውን ለቢራ ያደርጋል።

በሆፕስ ፓኬት ላይ ዘወትር የሚጻፈውን መመልከት ያስፈልጋል። የዝርያው ስም፣ የበቀለበት አገር፣ የተለቀመበት ዓመትና የመራራነቱ ልክ በመቶኛ ይጻፍበታል። ሳዝ የተባለው የቼክ ሆፕስ ልኩ ከመቶ 3 ወይም 4 ገደማ ሲሆን ማግነም የተባለው የጀርመኑ ከመቶ 12 ገደማና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በቤቱ የሚጠምቀው ሰው ይህን አንብቦ ከአንደኛው ብዙ፣ ከሁለተኛው ጥቂት መጨመር እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። ሆፕስ አየርና ሙቀት ሲያገኘው ኀይሉ ስለሚደክም አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ በብርድ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የተደረገው ገዢው ዕቃውን አምኖ እንዲመለስ ነው፤ ነጋዴውም በዚህ አልከሰረም።

ጌሾን በመቶኛ ለክቶ መሸጥ የቤተ ሙከራ ሥራ ስለሚጠይቅ ዛሬውኑ ከባለሱቁ አይጠበቅም። አራት ነገሮችን ግን ማንኛውም ነጋዴ ያለ ብዙ ወጪ ሊፈጽማቸው ይችላል። አንደኛ፣ ቅጠሉና እንጨቱ ተለይተው ይሸጡ፤ ለጠላ በብዛት የሚፈለገው ቅጠሉ፣ ለጠጅ ደግሞ እንጨቱ ነውና። ሁለተኛ፣ በከረጢቱ ላይ የመጣበት ወረዳና የተለቀመበት ወርና ዓመት ይጻፍ፤ ለብቅልም የእህሉ ዐይነትና የደረቀበት ቀን ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ጣሳና እስር ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያዩ ሽያጩ በሚዛን ይሁን። አራተኛ፣ ገዢዋ ካላዘዘች በቀር ጌሾው ሳይወቀጥ ይቅረብ፤ የተወቀጠ ጌሾ አሮጌ ቅጠልን፣ አፈርንና የሌላ ዛፍ ቅጠልን ሊሸሽግ ይችላልና። ያልተወቀጠው ግን ራሱ ይመሰክራል፤ ደህናው ቅጠል አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ በእጅ ሲታሽ የሚንኮሻኮሽ፣ ሲቀመስም መራራነቱ ምላስ ላይ የሚቆይ ነው። ደህና ብቅልም በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ይላል፣ ጣፋጭነት አለው፣ የሻጋታ ሽታ የለውም።

የአቀማመጡም ነገር ቸል የሚባል አይደለም። ጌሾና ብቅል ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከዝናብ ፍሳሽና ከእርጥብ ግድግዳ ርቀው መቀመጥ አለባቸው። ከላምባ፣ ከሳሙናና ከበርበሬ አጠገብ ከተቀመጡ ሽታቸውን ወስደው ወደ ጋኑ ይዘውት ይገባሉ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጥ፤ አዲሱን ከላይ እየደፉ አሮጌውን ከሥር ማቆየት በመጨረሻ ሁለቱንም ማበላሸት ነው። ጅምላ ነጋዴውም ከየአገሩ ከሚገባለት ጭነት ጥቂት ጥቂት ወስዶ በአንድ ባለሙያ እጅ፣ በአንድ ዐይነት እህልና በአንድ ዐይነት ውሃ፣ በየእንስራው ለይቶ ቢያስጠምቅ የትኛው ጌሾ እንደሚበልጥ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ሲከራከር በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይናገራል።

ጠጅም ከዚህ ሕግ ውጪ አይደለም። ጠጅ ለአንድ እጅ ማር ከሁለት እስከ አምስት እጅ ውሃ ተበርዞ፣ የጌሾ እንጨት ተጨምሮበት የሚጣል መጠጥ ነው። ስኳር የተቀላቀለበትን ማር ንጹሕ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ጠጅ ጣዩን ብቻ ሳይሆን ማሩን በንጽሕና የሚያቀርበውን ገበሬም ይጎዳል፤ የሐሰተኛው ዋጋ የእውነተኛውን ዋጋ ይዞት ይወርዳልና።

ለላኪዎች ጉዳዩ ከዚህም ይሰፋል። በዋሽንግተንና በአካባቢው በሚገኙ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ጌሾ ይሸጣል፤ በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤልም ጠላ መጥመቁን አልተዉም። ከዚህም በቀር ጠጅ በቤታቸው መጣል የጀመሩ የውጭ አገር ሰዎች ጌሾ ፈልገው ይገዛሉ። እነዚህ የኋለኞቹ የሆፕስ ፓኬት ማንበብ የለመዱ ገዢዎች ስለሆኑ ዓመቱና መነሻው ያልተጻፈበትን ከረጢት በጥርጣሬ ያዩታል። ጌሾ የሚልክ ነጋዴ የሚቀበለው አገር የሚጠይቀውን የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት አስቀድሞ ማጣራት፣ ዕቃውንም በጽሑፍ ማስረዳት ይገባዋል። ቡና በመነሻው ስም እየተጠራ በዓለም ገበያ ዋጋ እንዳገኘ ለላኪዎች ማስተማር አያስፈልግም።

እናቶች ያለ ጽሑፍና ያለ ሚዛን ሲጠምቁ ስለ ኖሩ አዲስ ሥርዐት አያስፈልግም የሚል ሰው ይኖራል። እናቶች ያለ ጽሑፍ የጠመቁት ግን ቅጠሉን ራሳቸው ስለ ለቀሙት ነው። ጽሑፉ የሚያስፈልገው ለቃሚዋና ጠማቂዋ ሁለት ሰዎች በሆኑበት፣ በመካከላቸውም ነጋዴ በገባበት ጊዜ ነው። ወጪ ይጨምራል የሚልም አይጠፋም፤ እርግጥ ከረጢትና ቀለም በነጻ አይገኙም። ነገር ግን አንዲት ጠማቂ በየወሩ የምትመለስ ደንበኛ ናት፤ አንድ ጋን የተበላሸባት ጠማቂ ግን ሁለተኛ ወደዚያ ሱቅ አትመለስም፤ ለጎረቤትዋም ትነግራለች። የከረጢቱ ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ስለዚህ የጌሾና የብቅል ነጋዴዎች በየከተማቸው ተሰብስበው በከረጢቱ ላይ ምን እንደሚጻፍና በምን ሚዛን እንደሚሸጥ ቢስማሙ፣ የንግድ ምክር ቤቶችም ስምምነቱን ተቀብለው ለአባሎቻቸው ቢያስታውቁ ሥራው ሳይዘገይ ሊጀመር ይችላል። ለጀማሪው ባለሱቅም የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጌሾ ሲረከብ ሻጩን «ከየት መጣ? መቼ ተለቀመ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የተሰጠውንም መልስ በከረጢቱ ላይ ይጻፍ።